ባዶው ማጠጫ

«እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። አባባሉን የት እንደተማርኩት አውቃለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሠላሳ ሰው በቆመበት ኮሪደር፣ አንዲት ሴት ላይ ጣቴን ቀስሬ እኔው ራሴ ብዬዋለሁ።

ዛሬ በረንዳዬ ላይ ስድሳ አራት የአበባ ሸክላ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ «ይህን ሁሉ ማን ያጠጣዋል? ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታመላልሺ ነው እንዴ የምትውይው?» ይለኛል። አላመላልስም። ከእያንዳንዱ ሸክላ ሥር ውሃ የያዘ ጣሳ አለ፤ ከጣሳው ወደ አፈሩ የጥጥ ክር ይወጣል፤ ተክሉ ሲጠማው ራሱ ይስባል። እኔ በአሥር ቀን አንዴ ጣሳዎቹን እሞላለሁ፣ በቃ። «ጎበዝ! ከየት አመጣሽው?» ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ አልቀይርም።

አባቴ አትክልተኛ ነበር። አትክልተኛ ሲባል መሬት ቆፍሮ የሚተክል ሰው ይመስላል፤ የአባዬ ተክሎች ግን አንዳቸውም መሬት ነክተው አያውቁም። የሚሠራው ባለ አራት ፎቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ በየኮሪደሩ፣ በየደረጃው መታጠፊያ፣ በየመስኮቱ ሥር ሸክላ ተደርድሯል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። የእኔ ትምህርት ቤት የግማሽ ቀን ነበር፤ እማዬ ልብስ ስፌት ቤት እስከ ማታ ትውላለች፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ አባዬ ዘንድ እሄዳለሁ። የቤት ሥራዬን የምሠራው ከደረጃው ሥር ባለችው መጋዘን ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው።

ሸክላዎቹ የሁለት ሰው ሥራ ነበሩ። የታችኞቹ ሁለት ፎቆች የአባዬ፣ የላይኞቹ ሁለት የእትዬ ቀስታ። እውነተኛ ስሟ ይህ አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ጋዋን የማይለያት ሴት ናት፤ ስትራመድ ለወለሉ የምትሳሳለት ትመስላለች፤ ሰው «ቶሎ በይ» ካላት ደግሞ መልሷ አንድ ነው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ቀስታ አላት፤ እኔም አልኩ። ከሕንፃው ጀርባ ከተደረደሩት የሠራተኛ ክፍሎች በአንዷ ብቻዋን ትኖር ነበር።

ውሃው ያለው ግቢ ነው። ፎቅ ላይ ያሉት የእጅ መታጠቢያዎች ጎድጓዳ ስላልሆኑ ማጠጫ አይገባባቸውም። ስለዚህ ሁለቱም የቆርቆሮ ማጠጫቸውን ከግቢው ቧንቧ እየሞሉ፣ ደረጃ እየወጡ፣ እየወረዱ፣ እንደገና እየሞሉ ይውላሉ። እስከ አራተኛ ፎቅ ሰማንያ አራት ደረጃ ነው። እሱንም ቆጥሬዋለሁ። በሁለት እጅ ሁለት ሙሉ ማጠጫ ይዞ ሰማንያ አራት ደረጃ መውጣት ምን እንደሆነ የወጣ ያውቀዋል፤ እዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያዙት ግን በሙሉ ወጥተው የማያውቁ ነበሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያዘው የአስተዳደር ኃላፊው ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ የእጅ ደወል ስለሚደውል በሌለበት «ደወሉ» ይሉታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ኮሪደር ይዞራል፤ የሚያየው ተክሉን አይደለም፣ ሰውን ነው። ማጠጫ የያዘ ሰው ካየ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ካላየ «የታለች አጠጪዋ?» ነው። «ያላየሁትን ሥራ ተሠራ አልልም» ይል ነበር፣ ትልቅ ጥበብ እንደተናገረ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ።

ነገሩ የጀመረው አንድ እሑድ እኛ ቤት ነው። አባዬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ፤ አንዱ ውሃ አለው፣ አንዱ ባዶ። ከአሮጌ ካናቴራ የተቀደደ ክር አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን ባዶው ውስጥ አደረገ። ጠበቅን፤ ምንም የለም። እማዬ ሳቀች። «አትሳቂ፣ ጠብቂ» አላትና ክሩን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጨመቀው፣ መልሶ አስቀመጠው። ምሳችንን በልተን ስንመለስ ባዶው ብርጭቆ ሥሩ ላይ ውሃ ቋጥሯል።

«ደረቅ ክር አይስብም» አለኝ አባዬ፣ ፊቱ ሁሉ እያበራ። «መጀመሪያ አንቺ ታረጥቢዋለሽ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ፋብሪካ ሆነ። እማዬ ክር ትገምዳለች፣ አባዬ ጣሳ ይሰበስባል። የእኔ ሥራ ስንቅ ማዘጋጀት ነበር። ስንቅ ያለው አባዬ ነው። ድሮ ተክሎቹን የሚመግበው በርሜል ውስጥ ፋንድያ ዘፍዝፎ፣ ውሃውን አቅጥኖ ነበር፤ ፎቅ ላይ ሲወጣ ጸሐፊዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው እየጮሁ አስከለከሉት። አሁን ግን አንድ የሻይ ማንኪያ የማዳበሪያ ፍሬ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ከሥሩ ፈንጠር አድርጎ አፈሩ ውስጥ መቅበር ነው፤ ውሃ በነካው ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይለቃል፣ ሦስት ወር ይቆያል። «መንገደኛ ስንቁን ይዞ ነው የሚሄደው» አለ አባዬ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ስንቅ የቋጠርኩት እኔ ነኝ። የጣቶቼ ጫፍ እስኪላጥ።

መጀመሪያ ካናቴራዎቹ አለቁ፤ ቀጥሎ አንድ አንሶላ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቢጫዋ ብርድ ልብሴ ተዘርግታለች፤ መቀሱ እላይዋ ላይ ነው፤ ግማሿ ክር ሆናለች። ከተወለድኩ ጀምሮ የለበስኳት የጥጥ ብርድ ልብስ ናት። ጮህኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? አጥራሽ የለም እንዴ፣ እግርሽ እየወጣ!» አለች እማዬ።

«ለማን ነው?»

«ለላይኛው ፎቅ።»

ለላይኛው ፎቅ ማለት ለእትዬ ቀስታ ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሳሁም።

ማየት ስጀምር ብዙ አየሁ። ሰላም ስትለኝ በግራ እጇ ነው፤ ልጅ ስለሆንኩ ንቃኝ ነው አልኩ። ቀኝ እጇን የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከትታ እንደ ሥራ አስኪያጅ ትንጎራደዳለች። ከግቢው ቧንቧ ውሃ ስትቀዳ አይቻት አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ አባዬ ጣሪያው ላይ ካለው ታንከር ረጅም ላስቲክ ቱቦ በመስኮት አውርዶ የሷን ሁለት ፎቅ ጣሳዎች ይሞላል። የሷን! ታንከሩ ከላይ ስለሆነ ውሃው በራሱ ይወርዳል፤ የአራት ቀን ሥራ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ቢሆንም የአባዬ የዕረፍት ቀን ነው።

«የሷን ለምን እኛ እንሠራለን?»

«ትረዳኝ የለ እሷስ።»

«በምን?»

«ስታድጊ ይገባሻል።»

አደግኩ፤ ገባኝ። ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ምን ነበረበት? ከዚያ እሑድ አንድ ወር በፊት እትዬ ሁለት ሙሉ ማጠጫ ይዛ ስትወጣ ከአራተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወድቃ ነበር። ቀኝ ትከሻዋ ተሰብሮ ያለ ቦታው ገጠመ። ለማንም አቤት አላለችም፤ አቤት የምትልበት ስለሌለ። እዚያ ቤት ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው «ለሥራው ብቁ አይደለም» የምትል አንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰጥቶት ይሸኛል። የተሸኘ ሰው ክፍሉን በሳምንት ውስጥ ያስረክባል። በጡረታ የወጣ ግን ዕድሜ ልኩን ይኖርበታል። እትዬ ጡረታ ልትወጣ የቀራት አምስት ወር ነበር። ክንዷን የሰበረው ሕንፃው ነው፤ የተሰበረ ክንዷን የምትደብቀውም ከዚያው ሕንፃ ነበር።

ያን ጊዜ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ማጠጫዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። አነሳሁት። ላባ ያህል ቀለለኝ። ውስጡን ባየው ደረቅ ነው፤ አፉ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች፤ መሀሉ ላይ ራሷ ቁጭ ብላለች። ሸረሪት ቤት የሠራችው በአንድ ቀን አይደለም! ሴትዮዋ ይህን ስንት ቀን ይዛ ዞራለች! ስትመለስ ከዓምዱ ጀርባ ተደበቅኩ። ደወሉ ብቅ ሲል እትዬ ማጠጫዋን በግራ እጇ አንስታ ከአንዱ ሸክላ በላይ ዘንበል አደረገች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እየቆጠረች ጠበቀች፤ ወደሚቀጥለው ሄደች፤ እንደገና ዘንበል። ጠብታ የለም። ደወሉ ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

ልክ መሆኗን ዛሬ አውቃለሁ። ክር ላይ ያለ ተክል ከላይ ውሃ ከተደፋበት ሥሩ ይበሰብሳል። ተክሉ ጠጥቷል፣ በልቷል፤ ውሃ ማየት የፈለገው ደወሉ ብቻ ነበር። ለእሱ ሲባል አንዲት አሮጊት ባዶ ቆርቆሮ ይዛ ቲያትር ትሠራለች።

በዚያው ሳምንት መጋዘኗ በር ላይ ስደርስ የሁለቱን ድምፅ ሰማሁ።

«አራት ወር እኮ ነው የቀረኝ» ትላለች እትዬ። «አራት ወር!»

«ይሄዳል፤ አይታወቅም» ይላል አባዬ።

«ካወቀስ?»

«ማን ይነግረዋል?»

«ሚስትህ ምን ትላለች?»

«ክሩን የምትገምደው ማን ሆነና!»

ከዚያ እትዬ «ልጅቷ አስተያየቷ ያስፈራኛል» አለች።

አባዬ ሳቀ። «እሷ? እሷ ምን ታውቅና።»

ምን ታውቅና! ጆሮዬ ጋለ። እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ሴትዮዋ አባዬን ገና አራት ወር እንደ አህያ ልትጭነው ነው፤ አባዬ ደግ ስለሆነ እምቢ ማለት አይችልም፤ እማዬንም አታልላታለች። መምህራችን «የበሬውን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ» የሚለውን ተረት ያስተማረችን በዚያው ሰሞን ነበር። በሬውንም ፈረሱንም ወዲያው አወቅኋቸው።

ቀኑ ደረሰ። በዓመት አንድ ጊዜ የተሻለው ፎቅ ይመረጣል፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ደወሉ ንግግር ያደርጋል። ያን ዓመት የተሰበሰብነው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጸሐፊዎቹ፣ ጽዳቶቹ፣ ሾፌሮቹ፣ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እኔ አባዬ አጠገብ ነኝ። ኮሪደሩ በእውነት አምሮ ነበር፤ ቅጠሉ ሁሉ በዘይት የታሸ ይመስላል። ከሥር ሆኖ የእኔ ስንቅ ነው የሚሠራው! ጥግ ላይ ካለው ሸክላ ሥር ደግሞ የቢጫ ብርድ ልብሴ ጫፍ ጣሳው ውስጥ ገብታ ትታየኛለች።

«ይህን ልምላሜ ተመልከቱ!» አለ ደወሉ። «በጠዋት ተነስቶ፣ ማጠጫ ተሸክሞ፣ በላብ የመጣ ነው። እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ!»

ተጨበጨበ። እትዬ አንገቷን ደፋች። አባዬም ያጨበጭባል፤ ፈገግ ብሎ! ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ውሸት ነው!» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። «ማጠጫዋ ባዶ ነው! ሁልጊዜ ባዶ ነው! ውሃውን የሚሞላው አባቴ ነው!»

አባዬ ትከሻዬን ያዘ፤ አመለጥኩት። ማጠጫውን ከእጇ ነጥቄ ገለበጥኩት። ሸረሪቷ ወደቀችና በደወሉ ጫማ መሀል ሮጠች። አንዳንዶች ሳቁ። ወዲያው ሳቁ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባዬ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት!» አልኩ፣ ጣቴን ወደሷ ቀስሬ።

ደወሉ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሸክላ አነሳ። ክሩ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። አየው፤ መለሰው። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «እትዬ፣ እስቲ ይህን ማጠጫ ሞልተሽ ነይ» አላት። ቆሞ ጠበቃት። ሁላችንም ጠበቅን። እግሯ ደረጃውን ሲወርድ፣ ብዙ ቆይቶ ደግሞ ሲወጣ ይሰማል፤ ቀስ፣ ቀስ። በግራ እጇ ይዛው መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«በቀኝ እጅሽ አንሺውና አጠጪ» አላት።

ከኪሷ አወጣችው። ያን እጅ ያኔ ነው ያየሁት፤ ጣቶቹ ቀጥነዋል። እጀታውን ጨበጠች፤ ከጉልበቷ በላይ አልሄደም። ማጠጫው ወደቀ፤ ውሃው በኮሪደሩ ፈሰሰ። ሠላሳ ሰው ጫማው እንዳይረጥብ እግሩን ሰበሰበ። እኔም ሰበሰብኩ።

አባዬ ምንም አላለም። ደስታ አፉን የዘጋው መሰለኝ።

ደብዳቤዋ የወጣው በማግስቱ ነው። አባዬም ደብዳቤ ደረሰው፤ የእሱ ግን የምስጋና ወረቀት ነው፣ ማኅተም ያለው። «ዘመናዊ የውሃ አጠጣጥና የማዳበሪያ አሠራር በመዘርጋት» ይላል። ከዚያ ወዲያ አራቱም ፎቅ የአባዬ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው የሚበቃ ከሆነ ሁለተኛው ለምን፣ ተባለ። ደወሉም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሸክላ እያነሳ ክሩን ያሳይ ጀመር፤ «ይህን ዘዴ እዚሁ ነው ያወጣነው» እያለ። አወጣነው! በእትዬ እጅ ማጭበርበር የነበረው፣ በሱ አፍ ሲሆን ዘመናዊ አሠራር ሆኖ አረፈው።

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ አልጋው ሥር ጥሎት ነበር፤ አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁና በሊጥ ለጠፍኩት። እማዬ አየችው፤ አየችኝ፤ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። በሬው ምስጋናውን አገኘ ብዬ ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እትዬ የወጣች ቀን አባዬ ዕቃዋን በእጅ ጋሪ ይገፋላት ነበር፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሣጥን፣ ሁለት ድስት፣ የሻይ ማፍያ። እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜአለሁ። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ሸክላዎች፣ ባለ ቢጫ ክሮቹ፣ ክራቸውን ትናንት ነው የቀየርኩት። በዚህ ሁሉ ግርግር ሳላረጥበው ወጣሁ። አርጥቢልኝ፣ አደራ። ደረቅ ክር አይስብም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እሺ» አልኳት።

ሂጂ ተብላ እንኳ ታዛለች አልኩ በሆዴ። በግራ እጇ ጉንጬን ነካችኝና ጋሪውን ተከትላ ሄደች። ቀስ ብላ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤት ስንለቅ እማዬ ያን ወረቀት ከግድግዳ ስትልጠው «አስቀምጪው እንጂ፣ የአባዬ ክብር ነው!» አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። «የምን ክብር?» አለችና ተቀምጣ ነገረችኝ፤ ትከሻዋን፣ አራቱን ወር፣ ክፍሉን። እትዬ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከአንድ ዘመድ ማድ ቤት ወደ ሌላው ዘመድ ማድ ቤት ስትዘዋወር ኖራ መሞቷን። አባዬ እሑድ እሑድ ጓደኛዬ ጋ ነው እያለ የሚሄደው እሷ ዘንድ እንደነበረ።

ሮጬ ሄድኩበት። አባዬ ጡረታ ወጥቷል፤ በረንዳ ላይ ችግኝ ያዛውራል።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት። «አሥራ ሰባት ዓመት! ለምን በጥፊ አላልከኝም? ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ?» አለኝ፣ አፈሩን ከእጁ ሳያራግፍ። «እውነት አትናገሪ ልበልሽ?»

«አንድ ነገር በለኝ!»

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እዚያ ኮሪደር ላይ ሠላሳ ትልልቅ ሰው ቆሞ ነበር። ክንዷን የማያውቅ አንድ አልነበረም፤ ጽዳቶቹ ናቸው ያሹላት፤ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ነው ከደረጃው ላይ ያነሳት። ‹ይህቺን ሴት የሰበራት ይህ ደረጃ ነው› ያለ አለ?» ቀና ብሎ አየኝ። «እኔም ቆሜ ነበር። ልጅ አለኝ፣ እንጀራዬ ነው ብዬ። አንቺን ልቆጣ በምን አፌ?»

ቁጣዬ የት ይሂድ? ደወሉ ሞቷል፤ በትልቅ ምስጋና ነው የተቀበረው አሉ። ሕንፃው ቆሟል። አባቴ ፊቴ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ ብሏል። ከነሱ ሁሉ የተረፈው እኔ ላይ ነው የሚመጣው።

ምክንያቱም ማንም አያውቅም ያልኩት አንድ ነገር ነበር። ያን ክር አላረጠብኩትም። በየቀኑ በሁለቱ ሸክላዎች አጠገብ አልፋለሁ፤ ጣሳቸው ሙሉ ነው፤ ቢጫው ክር ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ግን ደረቅ ነው፤ አይስብም። ጣቴን ነክሬ አንዴ ባሸው ይበቃ ነበር። የሷን ሥራ አልሠራም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠላቸው ረገፈ። አባዬ አንድ ከሰዓት አነሳቸው፤ አፈሩን ደፋ፤ ምንም አልጠየቀኝም።

«ሁለቱ ሸክላዎች…» አልኩት ያን ዕለት በረንዳው ላይ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ነግራህ ነበር?»

«ጋሪውን የምገፋው እኔ አልነበርኩም እንዴ? ከዚያም በሄድኩ ቁጥር ትጠይቀኝ ነበር። እስክትሞት ድረስ። ‹ልጅቷ ክሩን አረጠበችልኝ?› ትላለች።»

«ምን ትላት ነበር?»

ችግኙን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አዎ፣ በዚያኑ ቀን አርጥባዋለች፤ ሁለቱም አምረዋል፣ እላታለሁ።» ችግኙን መልሶ አነሳ። «‹አላልኩህም?› ትለኝ ነበር። ‹ያቺ ልጅ ጥሩ ልጅ ናት።›»